ለማዘርቦርድዎ የሚስማማውን ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይለያሉ?

ጅማ ላይ ኮምፒውተሩን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ከከተማው ሱቆች ሊያገኝ ይችላል፤ የተወሰነ ሞዴል ያለው ፕሮሰሰር ወይም ግራፊክስ ካርድ ሲያስፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ ማስመጣት ይኖርበታል። ዕቃው መጥቶ ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ጋር ሳይስማማ ሲቀር የሚባክነው የማስመጫው ሂሳብ ብቻ አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመጨረስ ኮምፒውተሩን የሚጠብቅ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ የሥራ ቀናቱን ያጣል። ከዚህ በታች የተጻፈው ማጣራት ሁሉ ቤት ተቀምጦ፣ ብር ሳይወጣ የሚሠራ ነው።

ሁሉም የሚጀምረው የማዘርቦርዱን ትክክለኛ ሞዴል በማወቅ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራ ከሆነ በዊንዶውስ የፍለጋ ቦታ ‹ሲስተም ኢንፎርሜሽን› የሚለውን ፕሮግራም ይክፈቱና ‹ቤዝቦርድ ፕሮዳክት› ከሚለው ትይዩ ያለውን ስም ይጻፉ። የማይነሳ ከሆነ የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው ኬዙን ይክፈቱ፤ ሞዴሉ ቦርዱ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ ስሎት (መሰኪያ ቦታ) መካከል፣ በጉልህ ታትሞ ይገኛል። ከስሙ አጠገብ የሪቪዥን ቁጥር ካለ እሱንም አይዝለሉት፤ ስማቸው አንድ የሆኑ ቦርዶች በሪቪዥን ልዩነት ብቻ የሚቀበሉት ፕሮሰሰር ሊለያይ ይችላል። ከዚያ በዚሁ ሞዴል የአምራቹን ድረ ገጽ ፈልገው የድጋፍ ገጹን ቢከፍቱ ቦርዱ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ያገኛሉ። እኔ ከማንኛውም ሻጭ ‹ይሠራል› የሚል ቃል ይህን ሠንጠረዥ አስቀድማለሁ፤ ሻጩ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን የእርስዎን ቦርድ አላየውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፕሮሰሰር ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት የቦርዱ ቦታ) አንድ ከሆነ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ለምሳሌ የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ኤልጂኤ 1151 የተባለውን ሶኬት ይጠቀማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዴስክቶፕ የወጣው 8ኛው ትውልድና ተከታዩ 9ኛውም እንዲሁ። ይሁንና ኋለኞቹ የ300 ተከታታይ ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ የቦርዱ ቺፕ) ስለሚጠይቁ አይ3 8100ን ኤች110 ቺፕሴት ባለው ቦርድ ላይ ቢያስቀምጡት በትክክል ገጥሞ ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ስለዚህ ሶኬቱን፣ ቺፕሴቱንና የባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ስሪት ሦስቱንም አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ከየፕሮሰሰሩ ትይዩ ከየትኛው የባዮስ ስሪት ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል፤ በኤኤምዲ በኩል ቢ450 ቺፕሴት ያለው ቦርድ የራይዘን 5000 ተከታታይን የሚቀበለው ባዮሱ ከታደሰ በኋላ ነው። ዕድሳቱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው አሮጌው ፕሮሰሰር በቦታው እያለ ነውና አዲሱ ሳይገባ አሮጌውን አይሽጡት። መብራት በዕድሳቱ መካከል ቢጠፋ ቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ሳይኖር ዕድሳቱን መጀመር አይገባም።

ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ሁኔታው ይለያል፤ ለእነዚህ ቦርዶች እንዲህ ያለ የተሟላ ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አስተማማኙ መንገድ ያ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ይቀርብባቸው የነበሩትን ፕሮሰሰሮች ከመግለጫ ሰነዱ አውጥቶ ከእነሱ መካከል መምረጥ ነው።

ራም ላይ መጀመሪያ የሚታየው ትውልዱ ነው። ዲዲአር3 240 ፒን አለው፤ ዲዲአር4ና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ፒን ቢኖራቸውም ከታች ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ አልገባ ያለን ራም በጉልበት መጫን ስሎቱን ይሰብራል። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ቦርዶች በሞዴላቸው መሠረት ወይ ዲዲአር4 ወይ ዲዲአር5 ይቀበላሉና በተለይ ያጣሩ። ቀጥሎ ቦርዱ የሚሸከመው ከፍተኛ መጠን ይታያል፤ ኤች81 ቺፕሴት ያላቸው ቦርዶች ከ16 ጊጋባይት አያልፉም። የፍጥነት ልዩነት ያን ያህል አያሳስብም፤ ፈጣኑ ራም ወደ ቀርፋፋው ወይም ቦርዱ ወደሚፈቅደው ፍጥነት ዝቅ ብሎ ይሠራል። አጥብቄ የማሳስበው ግን ስለ ሰርቨር (ለብዙ ተጠቃሚዎች አገልግሎት የሚሰጥ የድርጅት ኮምፒውተር) ራም ነው። ያገለገለ የሰርቨር ራም በርካሽ ስለሚሸጥ ያማልላል፤ ‹ሬጂስተርድ› የሚባለው ዓይነት ግን በተራ የዴስክቶፕ ቦርድ ስሎት ውስጥ ቢገባም ኮምፒውተሩን አያስነሳም። ሻጩ የራሙን ስቲከር ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ ከፍጥነቱ ቁጥር በኋላ ‹አር› የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ የሰርቨር ነው፣ ‹ዩ› ከሆነ የዴስክቶፕ፣ ‹ኤስ› ከሆነ ደግሞ የላፕቶፕ ነው።

ሳታ የሚባለው፣ ዲስክን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የሚሰካበት ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ሳታ ባለው ቦርድ ሁሉ ላይ ይሠራል፤ ቦርዱ አሮጌ ከሆነ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ችግር የለበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚገባው ኤም.2 የሚባለው ነው፤ መልኩ አንድ ሆኖ በውስጡ ሳታ ወይም ከሳታ የፈጠነው ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል፣ ስሎቱም አንዱን ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ ቦርዶች ላይ ኤንቪኤምኢ በአዳፕተር ቢገባ ዊንዶውስ ያየዋል፣ ባዮሱ ግን ከእሱ ላይ ማስነሳት አይችልም።

ግራፊክስ ካርድ ከቦርዱ ጋር እምብዛም አይጣላም፤ ካርዱ የሚገባበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ትውልዶች እርስ በርስ ይግባባሉ። የሚያስቸግረው ቦታውና ኃይሉ ነው። በጠባብ ኬዝ የተሠሩት የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች ቁመቱ አጭር ካርድ ብቻ ይይዛሉ፤ ፓወር ሳፕላያቸውም (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያቀብለው ሳጥን) በአንዳንዶቹ 180፣ በአንዳንዶቹ 240 ዋት ነው። ስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት ያቀብላል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ባለ 6 ፒን ወይም ባለ 8 ፒን ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃል፤ ያ ገመድ ግን በእነዚህ ኬዞች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የለም። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር 30 ዋት ብቻ የሚወስደው ጂቲ 1030 ይበቃል ባይ ነኝ።

ፓወር ሳፕላዩን ራሱን መቀየር ከፈለጉ ወደ ቦርዱ የሚገባውን ዋና መሰኪያ ፒኖች ይቁጠሩ። መደበኛው 24 ፒን ነው፤ በርካታ የዴል ቦርዶች ግን 8፣ በርካታ የኤችፒ ቦርዶች ደግሞ 6 ፒን ያለውን የራሳቸውን መሰኪያ ይጠቀማሉና ከገበያ የተገዛው መደበኛ ሳፕላይ ያለ መለወጫ ገመድ አይሰካም። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለው ሳፕላይ ከሆነ፣ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ በ115 ላይ እንዳለ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ ከመሰካቱ በፊት መቀያየሪያው ወደ 230 መዞሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ።