ማደሪያ ላጣ ሰው ገና

የዛሬ ሦስት ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን የተከራየሁትን ቤት በሁለት ሳምንት ልቀቂ ተባልኩ። ሁለት ልጆች፣ ጥቂት ዕቃ፣ ደሞዝ ደግሞ ገና ነው። የበዓል ወሬ ሲነሳ ሆዴ ይባባ ነበር።

እንዲህ ያለ ገና የገጠማችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ገበያውን ተዉት። ተስፋን ከዶሮ ዋጋ ጋር ካሰራችሁት፣ አቦ፣ አለቀ። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ክፈቱ። ከቁጥር 1 እስከ 20 ይበቃል። ቀስ ብላችሁ፣ ቢቻል ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ቁጥር 7 ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ማርያም ልጇን በግርግም ያስተኛችው በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ያን ሰሞን ግን ስለ ቤት ኪራይ የተጻፈ መሰለኝ። አምላክ ሰው ሲሆን ክፍል እስኪለቀቅለት አልጠበቀም፤ ከብት የሚበላበት ላይ ተኛ። እኔስ ጋ ለመምጣት ኑሮዬ እስኪስተካከል ለምን ይጠብቃል? ቤት ታገኛለሽ የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ። ብቻሽን አይደለሽም የሚለው ግን አለ።

የምሥራቹን መጀመሪያ የሰሙትም ሌሊት መንጋ የሚጠብቁ እረኞች ናቸው። ሥራ ላይ ነበሩ። የሌሊት ጥበቃ ያለባችሁ ወይም ባጃጅ ላይ የምታመሹ፣ ቅዳሴ አመለጠን ብላችሁ ብዙ አትዘኑ።

ከቻላችሁ ግን ለዋዜማው ሌሊት ሂዱ። ታኅሣሥ ለድሬ ደግ ወር ነው፤ ሙቀቱ ይበርዳል። ጸሎት እምቢ ካላችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። እኔ ያን ሌሊት «አማኑኤል» ብቻ ነው ያልኩት። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጠዋት ደግሞ ከእጃችሁ ያለውን አካፍሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ የኛን ሥጋ ስለማይበሉ ድፎ ዳቦ ነው የምልክላቸው። የዚያን ዓመት ዱቄቴ ለአንድ ዳቦ ብቻ በቃ። ግማሹን ቆርሼ አዴ ለምላቸው ጎረቤቴ ወሰድኩ። ሳህን ባዶውን አይመለስምና ተምር ሞሉበት።

«ዕቃሽን የት ልታደርጊው ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እንጃ አዴ።»

የጓዳቸውን በር ገፋ አደረጉት። ጥግ ላይ የነበረውን የከሰል ጆንያ ጎትተው ወደ ውጭ አወጡት።