ለትምህርት ቤት ስፖርት የሚመዘገብ ልጅ የት ይመርመር? በትምህርት ቤት ወይስ በቤተሰብ ሐኪም?

አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሩጫ፣ የእግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚገባ ተማሪ፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በጤና ባለሙያ የተፈረመ ቅጽ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ደንቡ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ሜሪላንድ በየዓመቱ ምርመራ ስትጠይቅ፣ ሚኒሶታ አንዱን ምርመራ ለ3 ዓመት ትቀበላለች። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ቅጹን ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ይውሰዱ።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹን በአንድ ቀን በጅምላ ያስመረምራሉ። ዋጋው ዝቅተኛ ነው ወይም በነጻ ነው፤ ኢንሹራንስ ለሌለው ቤተሰብም ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ በጫጫታ መካከል ደካማ የልብ ድምፅን ለይቶ መስማት ያስቸግራል፣ መርማሪውም ልጁን አያውቀውም። ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ወላጅ አብሮ አለመኖሩ ነው፤ ምክንያቱም አደገኛ የልብ ችግር የሚጠረጠረው ብዙውን ጊዜ በማዳመጫው ሳይሆን በቅጹ ላይ ባለው የጤና ታሪክ መጠይቅ ነው።

ቅጹ ልጁ ስፖርት ሲሠራ ራሱን ስቶ ወይም ደረቱን አሞት ያውቅ እንደሆነ፣ ከቤተሰቡም 35 ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሞተ ሰው መኖሩን ይጠይቃል። የልብ ምት መዛባት ዋናተኛንም ሾፌርንም በድንገት ራሱን ሊያስት ስለሚችል፣ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ መሞትና ምክንያቱ ያልታወቀ የመኪና አደጋ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። አገር ቤት «መጋኛ መትቶት ነው» ተብሎ የተቀበረውን ወጣት አጎቱን እዚህ ያደገ የ15 ዓመት ልጅ ከየት ሊያውቀው ይችላል? እንዲህ ያለው ራስን መሳት የሚጥል በሽታ ሊመስል ስለሚችል፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባት በሹክሹክታ የሚነገርላት አክስትም መጠቀስ አለባት። ልጁ ኢትዮጵያ ሳለ ከቶንሲል በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ ወይም በየወሩ ፔኒሲሊን እየተወጋ ከነበረም፣ የልብ ቫልቭ ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ይህንኑ ይጻፉ። መጠይቁን ቤት ውስጥ፣ አያቶችን በስልክ እየጠየቃችሁ፣ ከልጁ ጋር ሙሉት።

እንግዲህ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ካለ የቤተሰብ ሐኪሙ ይመረጣል። የልጆች ዓመታዊ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ስለሚሸፈን፣ የስፖርቱን ቅጽ ይዘው በዚያው ቀጠሮ ያስሞሉ፤ ክትባት የጎደለ እንደሆነም አብሮ ይታያል። ነሐሴ ላይ ክሊኒኮች ስለሚጨናነቁ፣ ምርመራው ልምምድ ከመጀመሩ ቢያንስ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ቢደረግ፣ ችግር ቢገኝ ለሕክምና ጊዜ ይተርፋል። ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ልጁም ስለ ገዛ ቤተሰቡ ሕመም ማስተርጎም አይገባውም።

ምርመራው የትም ይደረግ የት፣ ሐኪሙ «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» ብሎ ምልክት ካደረገ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ልጁ ልምምድ አይግባ። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ወይም አልትራሳውንድ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ብዙዎቹ ልጆች ከዚህ በኋላ ፈቃዳቸውን አግኝተው ወደ ሜዳ ይመለሳሉ።