«ማነው የመታው?» ወይም ሚክሳችሁን ለሰው ስታሰሙ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ

እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ላፕቶፔን ይዤ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ሦስት ሳምንት ሚክስ ሳደርገው (የተቀዱትን ድምፆች ሳመጣጥን) የለፋሁበትን ዘፈን ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። «ጥሩ ነው ልጄ» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ግን ማነው የመታው?»

ማንም ማንንም አልመታም። ግጥሙ «ደግሞ መጣ» ነው የሚለው፤ የመጣው ናፍቆት ነው። እሷ «ደግሞ መታ» ብላ ሰማችው። እኔ ዘፈኑን ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግጥሙም በቃሌ ነው። ጆሮዬ የጎደለውን ራሱ እየሞላ ያሰማኝ ነበር። እሷ ጋ የደረሰው ከስፒከሩ የወጣው ብቻ ነው።

ማታ ፋይሉን ከፈትኩት። ቮካሉ (የዘፋኙ ድምፅ) ላይ የጫንኩት ኮምፕረሰር፣ ማለትም ድምፅ ሲጮህ ዝቅ የሚያደርገው፣ አታኩ (ለመጫን የሚፈጅበት ጊዜ) 1 ሚሊሰከንድ ላይ ነው። «ጠ» ስንል አየሩ ታፍኖ ይቆይና ድንገት ይፈነዳል። ያቺ ፍንዳታ በጣም አጭር ናት። የኔ ኮምፕረሰር ገና ብቅ ስትል አናቷን ይላታል። የተረፈችውን ደግሞ ረጅሙ ሪቨርብ (ማስተጋቢያው) ይሸፍናታል። ፍንዳታዋ ከሌለች «ጠ» «ተ» ይሆናል። አታኩን ወደ 20 ሚሊሰከንድ አረዘምኩት፣ ሪቨርቡንም ቀነስኩት። በማግስቱ እማዬ «አሃ፣ መጣ ነው እንዴ!» አለች።

የዩቲዩብ አስተማሪዎች ይህን አይነግሯችሁም። በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሩት፤ እንግሊዝኛ ደግሞ «ጠ»ም «ቀ»ም «ጨ»ም የለውም።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምሠራው። ቀን ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ማታ ሚክስ እማራለሁ። ያለኝ ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ሄድፎን፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከርና ሪፐር የተባለው ሶፍትዌር ነው። ቮካል የሚቀዳው ቁም ሳጥኑ አጠገብ ነው፤ ዙሪያውን ብርድ ልብስና ጋቢ እሰቅላለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። ከኢኪውም (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያው) ከኮምፕረሰርም በላይ ያስቸገረኝ ከሰው አንድ የረባ አስተያየት ማግኘት ነው።

«እንዴት ነው?» አትበሉ

«እንዴት ነው?» ካላችሁ መልሱ «አሪፍ ነው» ነው። ይሉኝታ አለ። ጓደኛ ነው፣ እንደለፋችሁ ያውቃል፣ ማስከፋት አይፈልግም። እኔም ሰው ሲያሰማኝ እንደዚሁ ነኝ። ስለዚህ ሰውየው ዘፈኑን መስደብ ሳያስፈልገው ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ፈልጉ።

የኔ ዋናው ጥያቄ ጥያቄም አይደለም። ወረቀትና እስክሪብቶ እሰጥና «ሁለተኛውን ስንኝ የሰማኸውን ያህል ጻፍልኝ» እላለሁ። ግጥሙን ከዚህ በፊት ሰምቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ክፍት የተተወው ቦታ፣ ወይም «መታ» የሆነው «መጣ»፣ የምትሠሩበት ቦታ ነው። እኛ አገር ዘፈን የሚሰማው ለግጥሙ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ከሆነ ደግሞ አንዲት ፊደል ስትጠፋ ወርቁም አብሮ ይጠፋል። መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና» ሲላላ «ቆይ፣ ጊዜው አልደረሰም» ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ሪቨርብ በበዛበት ቮካል ላይ ሁለቱ ይምታታሉ።

ሌላው፦ «ድምፁን ልቀንሰው ያልክበት ቦታ አለ?» ይሄ ማንንም አያሳፍርም። ሰውየው «አዝማቹ ላይ ትንሽ...» ካለ በቂ ነው፣ ደቂቃውን ጻፉት። እንዲያውም ሳትጠይቁ ፊቱን እዩ። አንድ ጓደኛዬ «ምንም አይልም» እያለ 1:20 ላይ ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። እዚያ ቦታ ላይ ማሲንቆውና ቮካሉ አንድ ላይ ይጮሁ ነበር።

ሦስተኛው፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፦ «ምን ምን መሣሪያ ነበረው?» ክራር የቀዳችሁበት ዘፈን ሆኖ ክራሩን ካልጠራ፣ ክራሩ የለም ማለት ነው።

ዘፋኙን ስለራሱ ድምፅ አትጠይቁት። ወይ «ከፍ አድርገው» ይላል ወይ «ደብቀኝ» ይላል።

ሽሮና ምስር

ሁለት ቅጂ አሰምታችሁ «የትኛው ይሻላል?» ማለት ጥሩ ነው። ግን ወጥመድ አለው። አንድ ሰሞን ጓደኛዬ ሁልጊዜ አዲሱን ይመርጥልኝ ነበር። ጎበዝ ሆኛለሁ ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ስለካው አዲሱ በ1.5 ዲሲቤል ይበልጣል። ያሸነፈው የድምፁ ከፍታ ነው፣ ሚክሱ አይደለም።

ነገሩ የቆየ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 አሳይተውታል፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ከመሃለኛው የበለጠ ይቀንሰዋል። ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙም ጥራቱም የተጨመረ ይመስለናል። ስለዚህ ሁለቱን ቅጂ ከማሰማታችሁ በፊት እኩል አድርጓቸው። ዩሊን ላውድነስ ሜትር የሚባል ነፃ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ) አለ፤ የሁለቱን ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ ልኬት) አይታችሁ ከፍ ያለውን ቀንሱት።

ስማቸውንም «አዲሱ» እና «የድሮው» አትበሉት። እኔ «ሽሮ» እና «ምስር» ነው የምላቸው። አንዳንዴ ደግሞ አንዱን ፋይል ራሱን በሁለቱም ስም እልካለሁ። «ምስር በጣም ይሻላል፣ ቤዙ ጠርቷል» ያለኝ ሰው አለ። አልተጣላሁትም፤ አሁንም አሰማዋለሁ። አስተያየቱን ግን በዚያው ልክ ነው የምይዘው።

የሰው ቋንቋና የፌደር (የድምፅ ከፍ ዝቅ ማድረጊያው) ቋንቋ

አድማጭ በኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) አያወራም። «ታፍኗል» ይላል፣ «ይጮሃል» ይላል። ትርጉሙ የእናንተ ሥራ ነው።

«ታፍኗል» ወይም «ከብርድ ልብስ ውስጥ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ነው። የኔ ዘፋኝ እውነትም ከብርድ ልብስ መሃል ነው የሚዘፍነው። ብርድ ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፣ ወፍራሙን ግን አይነካውም፤ የክፍሉ ጉምጉምታ እዚያው ይቀራል። እዚያ ጋ 3 ዲሲቤል ስቀንስ ብዙ ጊዜ ይከፈታል።

«ጆሮ ይበሳል» ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ነው። ጆሮ ከሁሉ የሚነቃው እዚያ አካባቢ ነው። ክራርም፣ ማሲንቆም፣ ቮካልም እዚያው ሰፈር ይጋፋሉ። ሁሉንም አትቁረጡ፤ አንዱን ምረጡ። እኔ ለቮካሉ ስል ክራሩን እቀንሳለሁ፣ ዘፋኙ ዝም ሲል መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ።

«ይፏጫል» ካሉ «ሰ» እና «ሸ» ናቸው፤ ከ3 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ፈልጓቸው። «ሩቅ ነው» ሲሉ ቮካሉን ለመጨመር አትቸኩሉ፣ ሪቨርቡን ቀንሱና እንደገና አሰሙ።

«ከበሮው የለም» የሚለው ግን ብዙ አሞኝቶኛል። በስልክ ለሰማ ሰው ከበሮው እውነትም የለም። የስልክ ስፒከር የከበሮን ሆድ ማውጣት አይችልም። እኔ ታችኛውን እየጨመርኩ፣ በሄድፎን የሚሰማው ሰው ደግሞ «ኧረ ደነቆርን» እያለ አንድ ወር ሄደ። መፍትሔው እጅ ቆዳውን ሲመታ ያለው ጥፊ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። እሱን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ከበሮው ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን ሻከር የሚያደርገው) መጨመር ይበቃል።

ሰው የሚያመለክታችሁን ቦታ እመኑት፤ መድኃኒቱን ራሳችሁ እዘዙ። «ቤዝ ጨምር» ያለኝ ልጅ ነበር። ቤዙ በቂ ነበር። ኪቦርዱ በግራ እጅ የያዘው ወፍራም ድምፅ ላዩ ላይ ተኝቶበት ነው። ኪቦርዱን ከ150 ኸርዝ በታች ስቆርጠው ልጁ «አየህ፣ ቤዝ ስትጨምር!» አለኝ። እሺ አልኩት።

ታክሲ

ያማሃ በ1978 ያወጣው ኤንኤስ 10 የሚባል ስፒከር አለ። ለቤት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብዙ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ ለዓመታት ሚክሰር ላይ ተቀምጧል። ባለሙያዎቹ የወደዱት ስለሚያምር አይደለም፣ ጉድለትን ስለማይደብቅ ነው። የኔ ኤንኤስ 10 የጀሞ ሚኒባስ ነው። አንድ የማውቀው ሾፌር አለ። ፍላሽ እሰጠዋለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እያለ፣ ቮካሉ ከተሰማ ተሰምቷል። የኔ ዘፈን መሆኑን ለተሳፋሪ አልናገርም። አንድ ቀን ሾፌሩ ራሱ 40 ሰከንድ ላይ ዘለለው። «መግቢያው በዛ» አለኝ። የሚክስ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ልክ ነው፤ መግቢያው በዝቷል።

በስልክም ስሙት፤ ግን አስቀድማችሁ ፕሮጀክቱን ሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ ላይ) አድርጋችሁ ሞክሩ። ኪቦርዱን ሰፋ እንዲል ብዬ አንድ ፕለጊን ጭኜበት ሞኖ ሳደርገው ብን ብሎ ጠፍቷል።

ባለሙያ ሲገኝ

ከካሴት ዘመን ጀምሮ ስቱዲዮ የሠራ አንድ ጋሼ አለ። ሥራ ይበዛበታል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ስምንት ዘፈን ይዤ ነበር የሄድኩት። አንዱን ከፈትኩ። «ቮካሉ ለምን እንዲህ ሸሸ?» አለኝ። «ሆን ብዬ ነው» አልኩት። ምንም አላለም። ሻዩን ጠጣ። ስለ አየሩ አወራን። ሄድኩ።

ሁለተኛ ስሄድ አንድ ዘፈን፣ አንድ ጥያቄና ደብተር ይዤ ሄድኩ። ማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ መጨረሻ የሚያልፍበት) ላይ ያለውን ሊሚተር (ድምፁ ከጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዘውን) አጥፍቼ፣ ፒኩ (ከፍተኛው ጫፍ) ከ-6 ዲሲቤል እንዳያልፍ አድርጌ፣ በ24 ቢት ዌቭ (ባልተጨመቀ ፋይል) አወጣሁት። ጎኑ ላይ እንዲመስል የምፈልገውን የታወቀ ዘፈን አስቀመጥኩ፤ ያኛው ማስተር የተደረገ (የመጨረሻ ዝግጅት ተደርጎለት ድምፁ ከፍ ያለ) ስለሆነ ድምፁን ቀንሼ ከኔው ጋር እኩል አደረግኩት። የተናገረውን ሁሉ ዝም ብዬ ጻፍኩ። ቮሊዩሙን ሊጠፋ እስኪል ዝቅ አደረገውና «አሁን የሚሰማህ ምንድነው?» አለኝ። ስኔሩ (አንዱ የድራም ክፍል) ብቻ ነበር የሚሰማኝ። «ዘፋኙ ስኔር ነው እንዴ?» አለኝ። ቤት ገብቼ ፌደሮቹን ሁሉ አወረድኩና ከቮካልና ከከበሮ እንደገና ጀመርኩ።

በሩቅ ላለ ሰው በቴሌግራም ስትልኩ በድምፅ መልእክት ቀድታችሁ አትላኩ፤ ድምፁ እንደገና ይጨመቃል። ኤምፒ3 320 ኪሎቢት አድርጋችሁ እንደ ፋይል ላኩት። ስሙ ላይ የቅጂውን ቁጥር ጻፉ። «ስማውና ንገረኝ» ሳይሆን «ከ1:10 እስከ 1:40 ድረስ የሚለውን ሰማኸው?» በሉ። የሰላሳ ሰከንድ ሥራ ስለሆነ ይመልሳል። በጨረሳችሁበት ሌሊት ግን አትላኩ፤ ጠዋት ራሳችሁ ስሙት። እኔ ሌሊት የላክሁትን ጠዋት የሰረዝኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአንድ ዙር ከሦስት ሰው በላይ አልጠይቅም። ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ከጠቆሙ አስተካክላለሁ። አንዱ ብቻ ያለውን ደብተሬ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

አሁን አዲስ ዘፈን ላይ ነኝ፣ 7ኛው ቅጂ። ትናንት ለእማዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። ስንኙን አሳምራ ጻፈችው፤ አንድ ቃል ብቻ ሳተች። «ቀበረ» የሚለውን «ከበረ» ብላዋለች። ዛሬ ማታ መብራት ካልጠፋ መጀመሪያ የማየው ያንኑ አታክ ነው።