ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡ

ምደባ ወጥቶ ሻንጣ ማዘጋጀት ለጀመራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፍሬሽማን የመለማመጃ ዓመት አይደለም። ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግቢውን ሲዞር፣ ጓደኛ ሲያበጅ ያሳልፈውና ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሲደርስ ይደነግጣል። ዲፓርትመንት ሲመደብ ግን ከዋናዎቹ መለኪያዎች አንዱ የዚያው ዓመት ውጤት ነው። ሂሳቡን እዩት፦ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ በአንደኛው ሴሚስተር 2.4፣ በሁለተኛው 3.6 ብታመጡ እንኳ የዓመቱ አማካይ ውጤታችሁ 3.0 ነው። ያን ሁሉ ለፍታችሁ!

ስለዚህ ኮርስ አውትላይን (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) እንደተሰጣችሁ የማርክ አከፋፈሉን አንብቡ። ኤውን ቢ የምታደርገው ኩዊዝና አሳይመንት ላይ የምትጥሏት 2 እና 3 ማርክ ናት። ያልገባችሁን መምህሩ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ፣ ብዙዎቹ ከክፍል ይልቅ እዚያ ዘና ብለው ያስረዳሉ።

ሌላው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ግድ ሆኗል፤ የሚጠየቀውም ባለፉት ዓመታት ዲፓርትመንት ውስጥ የተማራችሁት ነው። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ሀንድአውቱን፣ ማስታወሻችሁንና የድሮ ፈተናዎችን በየኮርሱ ለይታችሁ ፍላሽ ላይም ቴሌግራም ላይም አስቀምጡ። ተመራቂ ሆኖ የሁለተኛ ዓመት ሀንድአውት ፍለጋ ከዶርም ዶርም መዞር በጣም ያደክማል።

ለጉዞው ደግሞ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ እንዳትረሱ።