የቻይናን የብሩሽ ጽሕፈት ሺአን ከተማ ውስጥ በእጅ ለመሞከር

ሻይ በወጉ ማፍላትም ሆነ ጂያውዚ የተባለውን፣ በስስ ሊጥ ውስጥ ሥጋ ወይም አትክልት የሚያዝ ምግብ መጠቅለል ደስ የሚል ሥራ ነው፤ የቻይናን ባህል በእጁ ሠርቶ ለማየት አንድ ቀን ብቻ ላለው መንገደኛ የምመክረው ግን የብሩሽ ጽሕፈትን ነው።

ጠዋት በቅድሚያ ወደ ቤይሊን ሙዚየም ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1087 የተመሠረተው ይህ ቦታ ስሙ «የሐውልቶች ደን» ማለት ሲሆን፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ837 ተቀርጸው የተጠናቀቁት የኮንፊሽየስ ትምህርት መጻሕፍት በ114 ሰሌዳ ድንጋዮች ላይ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ሁሉንም ለማየት አይጣደፉ። አንድ ፊደል መርጠው የእያንዳንዱን ጭረት አጀማመርና አጨራረስ፣ ድንጋዩን ሳይነኩ፣ በጣትዎ አየር ላይ ይከተሉ።

ከሙዚየሙ አጠገብ ያለው የሹዩዋንመን መንገድ ብሩሽ፣ ቀለም፣ ወረቀትና የቀለም መፍጫ ድንጋይ በሚሸጡ ሱቆች የተሞላ ነው። ትምህርት ሲመርጡ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት «ቀለሙን ራሴ እፈጫለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ስምዎን በማራገቢያ ላይ ጽፎ ለማስረከብ ብቻ የሚቸኩል አስተማሪ፣ ማራገቢያ እንጂ ትምህርት አይሰጥዎትም።

ገበታው ላይ ሲቀመጡ በመፍጫው ድንጋይ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ያኑሩ፤ ከጥላሸትና ከእንስሳት ሙጫ የተሠራውን የቀለም ዘንግ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ውሃው ጠቆር ብሎ እስኪወፍር ድረስ ሳይጫኑ በዝግታ ያዙሩት። ከጥላሸት ቀለም ማዘጋጀት ለእኛም ቁም ጸሐፊዎች እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ብሩሹ ነው። የመቃ ብርዕ የመስመሩን ውፍረት በአቀራረጹ ይወስናል፤ የብሩሽ ጠጕር ግን በትንሽ ጫና ስለሚተኛ፣ ውፍረቱን የሚወስነው የእጅዎ ክብደት ነው። ስለዚህ ብሩሹን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የእጅ አንጓዎንም ከገበታው ያንሡ።

መነሻዎ «ዮንግ» የተባለው ፊደል ይሁን፤ ትርጉሙ ዘላለም ሲሆን ስምንቱን መሠረታዊ የጭረት ዓይነቶች በአንድነት ስለሚይዝ ለጀማሪ ይመረጣል። አግድም ጭረቱን ሲያወጡ መነሻው ላይ ጫን፣ መሐሉ ላይ ቀለል ያድርጉ፤ መጨረሻው ላይ ቆም ብለው ጫፉን ወደ መጡበት ይመልሱ። ሹዋን የተባለው ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ፣ እጅዎ ካመነታ ጭረቱ ወዲያው ያብጣል፤ በመሆኑም መጀመሪያ መስመር የተሰመረበትን ርካሽ የመለማመጃ ወረቀት ይጠይቁ።

ሲጨርሱ ብሩሹን ቀለሙ እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡ፤ ጫፉንም በጣትዎ አሹለው፣ ጠጕሩን ወደ ታች አድርገው ይስቀሉት።