በድርጅት አድራሻ ልካችሁ በግል ጂሜይል የሚደርስባችሁ ለምንድን ነው? የተንደርበርድ ላኪ አድራሻ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ተቀባዩ የሚያየው የድርጅቱን ሳይሆን የግል ጂሜይላችሁን ነው

በላኪ አድራሻ ጉዳይ ከሚመጡልኝ ጥሪዎች አብዛኛው ይኸው ነው። ተጠቃሚው ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ አዲስ አይደንቲቲ (የላኪ ስምና አድራሻ የሚሞላበት መገለጫ) ከፍቶ ስሙንና የሽያጭ ክፍሉን አድራሻ በትክክል ይሞላል፤ ከታች ያለችውን «አውትጎይንግ ሰርቨር» (ኢሜይሉን የሚልከው ሰርቨር) የምትል መስመር ግን ሳይነካት ይዘጋል። ካልተነካች ዲፎልት ሰርቨሩን ትይዛለች፤ እሱም ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሞ የገባው ጂሜይል ነው። የጂሜይል ሰርቨር ደግሞ በአካውንቱ ያልተረጋገጠ ላኪ ሲመጣበት ምንም ሳይናገር በራሱ አካውንት አድራሻ ተክቶ ይልከዋል።

«ሴንት» ፎልደርን አትመኑ። እዚያ ያለውን ቅጂ ያስቀመጠው ተንደርበርድ ስለሆነ የሚያሳያችሁ የሞላችሁትን አድራሻ ነው። አንድ አስመጪ ቤት ፕሮፎርማው ሁሉ በሽያጭ አድራሻ የሚወጣ ይመስላቸው ነበር፤ የደንበኞች መልስ ግን ሥራ በለቀቀ ሠራተኛ ጂሜይል ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ገዢው «መልሻለሁ» ይላል፣ ሽያጭ ክፍሉ «አልደረሰንም» ይላል፤ የዋሸ የለም፣ ትዕዛዙ ግን ቀረ።

መፍትሄ፦ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ «ማኔጅ አይደንቲቲስ»ን ክፈቱ፤ አድራሻውን መርጣችሁ «ኤዲት» በሉ፤ «አውትጎይንግ ሰርቨር» ላይ የድርጅቱን ሰርቨር ምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ መጀመሪያ ጨምሩት፦ ፖርት 587 ከስታርትቲኤልኤስ ጋር፣ ወይም 465 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ጋር። ፖርት 25 ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚላላኩበት ነው፤ ተዉት። ዩዘርኔም ላይ ሙሉ አድራሻውን አስገቡ። በጂሜይል በኩል መላክ ግድ ከሆነባችሁ ጂሜይል ውስጥ ገብታችሁ «ሴንድ ሜይል አዝ» ላይ አድራሻውን መዝግባችሁ አረጋግጡት።

ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ጂሜይል ልካችሁ «ሾው ኦሪጅናል» ላይ የላኪውን እውነተኛነት የሚፈትሹት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ «ፓስ» ማለታቸውን እዩ። ይህን ሳታዩ ተስተካክሏል አትበሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለዚህ ችግር ተንደርበርድን አጥፍቶ እንደገና መጫን ምንም አይፈይድም። ይባስ ብለው ፕሮፋይሉን (ተንደርበርድ ደብዳቤና ሴቲንግ የሚያስቀምጥበትን ፎልደር) የሚያጠፉ ባለሙያ ነን ባዮች አሉ። አካውንቱ ፖፕ (ደብዳቤን ወደ ኮምፒውተር የሚያወርድ ዘዴ) ከሆነ የዓመታት ደብዳቤ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከጠፋ ጠፋ ነው። ፕሮፋይሉን ኮፒ ሳታደርጉ ማንም እንዳይነካው።

ምልክት፦ ስትልኩ የሚመጣ የስህተት መልእክት፦ 553፣ «ሴንደር አድሬስ ሪጄክትድ፦ ኖት ኦውንድ ባይ ዩዘር» (የላኪው አድራሻ የተጠቃሚው አይደለም)

ሰርቨሩ ሥራውን እየሠራ ነው። በአንዱ ፓስወርድ ገብታችሁ በሌላው ስም ልትልኩ ነው። ለአድራሻው የራሱን ሎግኢን ስጡት፣ ወይም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ እንዲፈቅድላችሁ አድርጉ። የባልደረባን ፓስወርድ ተውሶ ማስገባት መፍትሄ አይደለም፤ ሰውየው በቀየረው ቀን ቢሮው ሁሉ ይቆማል።

«ከስተማይዝ ፍሮም አድሬስ» ላይ በእጅ የሚጽፉም እዚሁ ይወድቃሉ። እሱ የሚቀይረው የላኪውን መስመር ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ የመረጣችሁት አይደንቲቲ ሰርቨር ሆኖ ይቀጥላል። ለአንድ ጊዜ ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ለምትጠቀሙበት አድራሻ ግን አይደንቲቲ ክፈቱ።

ምልክት፦ አድራሻው ትክክል ነው፣ ኢሜይሉ ግን ስፓም ይገባል

የዶሜኑን ዲኤንኤስ (የዶሜኑ መዝገቦች የሚቀመጡበትን) ፈትሹ። በብዛት የማገኘው ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ (በዶሜኑ ስም መላክ የሚችሉ ሰርቨሮችን የሚዘረዝር) ነው፦ አንዱን ሆስቲንግ ድርጅቱ አስገባው፣ ሌላውን ዌብሳይት የሠራው ሰው የቀድሞውን ሳያይ ጨመረ። ለአንድ ዶሜን የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሲሆን ማረጋገጫው ስህተት ሰጥቶ ይከሽፋል፣ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። በአንድ መስመር አዋህዷቸው። ወደ ሌላ ዲኤንኤስ የሚጠቁሙት ክፍሎች በድምሩ ከ10 ፍለጋ እንዳይበልጡ። ደንበኛው ስፓም እንዳይል እየለመኑ መኖር አያዋጣም።

ምልክት፦ መልስ ወደ አሮጌ አድራሻ ይሄዳል

አይደንቲቲው ውስጥ «ሪፕላይ ቱ» ላይ የቀረውን አሮጌ አድራሻ አጥፉ።