የፊንላንድ ሳውና፦ እንግዳ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

5.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት ፊንላንድ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሳውና፣ ማለትም በጋለ ድንጋይ የሚሞቅ የእንጨት መታጠቢያ ክፍል፣ አለ። በመኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት፣ በሐይቅ ዳር ጎጆው፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በፓርላማው ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ ይህን ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ለትምህርትም ይሁን ለሥራ እዚያ የሄደ ሰው ይዋል ይደር እንጂ መጋበዙ አይቀርም።

ከሆቴል ስቲም ጋር ማምታታት

የስቲም ክፍል ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ አየሩ ግን በእንፋሎት የተሞላ ነው። የፊንላንድ ሳውና ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው ሰው የሚችለው። እርጥበቱ የሚመጣው በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ሲፈስ ብቻ ነው። ያ እንፋሎት “ሎይሊ” ይባላል። የሳውናው ጉዳይ ሁሉ የሚያጠነጥነው በእሱ ላይ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ላይ ዓይን ተክሎ መቀመጥ ፋይዳ የለውም።

ሳይታጠቡ ወይም በዋና ልብስ መግባት

መጀመሪያ ሻወር ነው። በመዋኛ ማዕከላት ሳውና ውስጥ የዋና ልብስ ክልክል ነው፤ ጨርቁ የያዘው ክሎሪን በሙቀት ይተንና ይተነፈሳል። ወንድና ሴት አብረው በሚገቡባቸው አንዳንድ የከተማ ሳውናዎች ደግሞ በተቃራኒው የዋና ልብስ ግዴታ ነው፤ በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያንብቡ። በሰው ቤት ከሆነ ወንዶችና ሴቶች ተራ በተራ ይገባሉ፣ ቤተሰብ ግን አብሮ ይገባል። ራቁት መሆን የሚከብደው ሰው ፎጣ ቢያገለድም ማንም አይቀየመውም። የሚያስቀይመው በባዶ ገላ መደቡ ላይ መቀመጥ ነው። እንጨቱ ላብ ይመጥጣል፣ ያቃጥላልም፤ ስለዚህ መቀመጫ ጨርቅ ይነጠፋል። ቀለበት፣ ሐብልና ሰዓት ከመግባትዎ በፊት ይውለቁ፤ ብረት ይግላል።

ድንጋዩ ሳይግል ውኃ ማፍሰስ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 70 ቢያሳይም የድንጋዩ ክምር ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ የእንጨት ምድጃ ደግሞ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በደንብ ያልጋለ ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ውኃ ወዲያው አይተንም። በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ወለል ላይ ይንጠባጠባል፣ ክፍሉም ከባድና እርጥብ ይሆናል። ጥሩ ሎይሊ ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ ወደ ጣራው ወጥቶ ከላይ ወደ ትከሻና ጀርባ ይወርዳል። ከምድጃው ሥር ያለው ወለል እርጥብ ከሆነ ወይ ድንጋዩ አልጋለም፣ ወይ ውኃው በዝቷል።

መጠኑ በአንድ ጊዜ አንድ ጭልፋ፣ ማለትም ከ1 እስከ 2 ዴሲሊትር ነው። ቀስ አድርጎ፣ ድንጋዩ ላይ በተን እያደረጉ እንጂ በባልዲ መገልበጥ አይደለም። በቅርብ የቆመ ሰው ፊቱና እጁ በእንፋሎቱ ሊቃጠል ይችላል። ከማፍሰስ በፊት አብረው የተቀመጡትን መጠየቅ ደንብ ነው። አፍስሶ ወዲያው መውጣት ግን ሌላውን ማቃጠልና መሸሽ ነውና እንደ ብልግና ይቆጠራል።

ውኃው ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ይሁን። የባሕር ውኃ ጨው፣ የመዋኛ ገንዳ ውኃ ክሎሪን ስላለው ምድጃውን ያበላሻሉ። የሽቶ ዘይት ከተፈለገ በባልዲው ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ዘይቱን እንዳለ ድንጋይ ላይ ማፍሰስ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ጽናት ማሳየት

ሃይኖላ በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2010 የሳውና ጽናት ውድድር ይካሄድ ነበር፤ ሙቀቱ 110 ዲግሪ ነበር። በ2010 አንድ የፍጻሜ ተወዳዳሪ ሞቶ ውድድሩ ቀረ። ጀማሪ ሰው ከታችኛው መደብ ይጀምር፤ ላይኛው በጣም ይሞቃል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ መውጣት፣ መቀዝቀዝ፣ ውኃ መጠጣት፣ ደስ ካለ ደግሞ መመለስ ነው። ሲወጡ ዘገም ብለው ይነሱ፤ የደም ግፊት ስለሚወርድ ራስ ይዞራል። አልኮል ቀድሞ መጠጣት ይህን ያባብሳል።

ከሰው መሬት ቅጠል መቁረጥ

ገላን መታ መታ ለማድረግ የሚያገለግለው የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ጭብጥ በምዕራብ “ቪህታ”፣ በምሥራቅ “ቫስታ” ይባላል። የሚሰበሰበው በፈረንጆቹ ጁን መገባደጃ፣ በመጥምቁ ዮሐንስ ስም በሚጠራው የበጋ በዓል “ዩሃኑስ” ሰሞን ነው። በፊንላንድ የማንኛውም ሰው መብት የሚባለው ደንብ የዱር ፍሬና እንጉዳይ በነፃ መልቀም ይፈቅዳል፤ ቅርንጫፍ መቁረጥ ግን የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። የደረቀ ቪህታ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል። ድንጋዩ ላይ ካስቀመጡት ቅጠሉ ያርራል።

በረዶ ውኃ ውስጥ መዝለል

በክረምት ሐይቁ ተቦርቡሮ “አቫንቶ” የሚባል ቀዳዳ ይከፈታል። በመሰላል ቀስ ብሎ መውረድ ነው እንጂ ዘሎ መግባት፣ በተለይም በጭንቅላት መወርወር አደጋ ነው። ቅዝቃዜው ሲነካ ሳይታሰብ ትንፋሽ ስለሚቆራረጥ ራስ ከውኃው በላይ ይሁን፣ አየር ቀስ ብሎ ይውጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ሰኮንድ ይበቃል። ብቻዎን አይግቡ። የሱፍ ካልሲ በእግር፣ ኮፍያ በራስ ቢሆን ይመረጣል፤ መንገዱ በረዶ ነው።

የጭስ መውጫ መዝጊያን ቶሎ መዝጋት

ፍሙ ሳይጠፋ መዝጊያውን መዝጋት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል። እኛ አገር በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ የሚገድለው ይኸው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ጭስ ማውጫ በሌለው የጥንት ሳውና ውስጥ እሳቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና ጭሱ እስኪወጣ ሰው አይገባም። የመጀመሪያው ሎይሊ በር ተከፍቶ ይፈስሳል፣ የቀረውን ጋዝ እንዲያባርር።

በአፓርታማ ውስጥ ያለ የግል ሳውና ደግሞ ለብዙ ስደተኛ እንደ ጓዳ ያገለግላል፤ ሻንጣና ካርቶን ይታጨቅበታል። አንድ ልጅ የሰዓት መቆጣጠሪያውን በድንገት ካዞረ ምድጃው በርቶ ዕቃው ሊቀጣጠል ይችላል። ዕቃ የሚቀመጥበት ከሆነ ምድጃውን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስነቅሉ ወይም ከመስመር ያስቋርጡ። ልብስም ከምድጃው በላይ ሰቅለው አያድርቁ።

የሕንፃውን ተራ ማሳለፍ

በጋራ ሳውና ተራ ለያዘ ቤት ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ሰዓት ይመደባል። መታጠቡና ልብስ መልበሱ በዚያው ሰዓት ውስጥ ነው። ከማለቁ 10 ደቂቃ በፊት ይውጡ፣ የወለሉን ውኃ በመጥረጊያ ወደ ማፍሰሻው ይግፉ፣ መቀመጫ ጨርቅዎን ይዘው ይሂዱ።